ትልልቆቹ የተኙበት ተረት

የጤናዬ ቡልቻ እንጀራ ጆንያ ነበር። ከእህል በረንዳ ነጋዴዎች የተቀደደውን፣ አይጥ የበላውን፣ መንጠቆ የቦጨቀውን ጆንያ ሰብስባ በአህያ ታስጭናለች፤ ኮልፌ ካለው ግቢዋ አድርሳ ታራግፈዋለች፣ ትገለብጠዋለች፣ በረጅም መርፌና በሲባጎ እየጣፈች መልሳ ትሸጠዋለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያደረችው በዚሁ ነው። አንዲት ልጇን ድራ ጅማ ልካለች። የጆንያ ብናኝ ጉሮሮዋን ስለያዘው ድምጿ ጎርነን ያለ ነው። ሰፈሩ ግን ያንን ድምፅ ይወደዋል፤ ጤናዬ ተረት ታውቃለችና።

ትምህርት ቤት ሲለቀቅ የሰፈሩ ልጆች ደብተራቸውን ቤት ወርውረው ወደ እሷ ግቢ ይመጣሉ። የጆንያውን ክምር እንደ መደብ ይቀመጡበታል። የቱ ላይ እንደሚቀመጡ ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ የበርበሬው ጆንያ ያስነጥሳል፣ የጨው ጆንያ ልብስ ያረጥባል፣ የስኳሩን ግን ይሻሙበታል፤ ስፌቱን ሲልሱት ይጣፍጣል። እሷም እጇን ከሥራ ሳታነሣ፣ ቀና ሳትል ታወራላቸዋለች።

ብዙ ተረት ነበራት። ልጆቹ ደጋግመው የሚጠይቋት ግን አንዱን ነው። በዚያ ተረት ውስጥ ከተራራ ማዶ የሚኖር ፊት የሌለው ንጉሥ አለ። ንጉሡ መለከት ሲያስነፋ በአገሩ ያለ ትልቅ ሰው ሁሉ ባለበት እንቅልፍ ይጥለዋል፤ አራሹ ሞፈሩን እንደ ጨበጠ፣ እናቲቱ ማሰሮዋን እንዳቀፈች፣ ዳኛው ከነካባው። የማይተኙት የወተት ጥርሳቸውን ነቅለው ያልጨረሱ ልጆች ብቻ ናቸው። የንጉሡ ሠራዊት ወንዙን ሊሻገር ሲል ልጆቹ ተሰብስበው ይመክራሉ፣ የአባቶቻቸውን ጦር ከግድግዳ ያወርዳሉ፤ ዘንጉ ስለሚረዝምባቸው እኩሌታውን በመጋዝ ይቆርጡታል። መሪያቸው የፊት ጥርሶቹ የወለቁ፣ ፍንጭቱ የሚሉት ልጅ ነው።

ጦርነቱ ረጅም ነው፤ ጤናዬ ሳምንት ሙሉ ታስኬደዋለች። ልጆች ይወድቃሉ። የወደቀውን ጓደኞቹ ተሸክመው ከሾላ ሥር ከምትፈልቅ ምንጭ ያደርሱታል፤ ውሃው ፊቱን ሲነካው አስነጥሶ ይነሣል። በመጨረሻው ቀን ፍንጭቱ ንጉሡን ይገድለዋል፣ ትልልቆቹ ይነቃሉ፣ ድግስ ይሆናል።

ልጆቹ ተረቱን ሰምተው ሲጨርሱ በቀጥታ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ተብለው ይከፈላሉ፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይቆርጣሉ፣ ይዋጋሉ። ፍንጭቱን መሆን የማይፈልግ የለም። የሞተው ወንዝ ዳር ተጎትቶ ፊቱ ላይ ውሃ ይረጭበታል። ማታ እናቶች ጭቃ የተለወሰ ልብስ እያጠቡ ጤናዬን በቀልድ ይወቅሷታል፤ እሷም ትስቃለች።

በ1963 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ግን ገነት የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ ጥያቄ አመጣች። ገነት የአናጢው የጥሩነህ ልጅ ናት፤ ጥሩነህ ከጤናዬ አጥር ለአጥር ይኖራል። ልጅቱ ብዙ የማትናገር፣ የስኳሩን ጆንያም የማትሻማ ናት። የድግሱ ወሬ አልቆ ሌሎቹ ሊነሡ ሲሉ እሷ እንደተቀመጠች ቀረች።

«እትዬ፣ ትልልቆቹ ሲነቁ ምን አሉ?»

«ደስ አላቸዋ። ድግስ አይደለም እንዴ ያልኳችሁ?»

«ከድግሱ በፊት። መጀመሪያ ዐይናቸውን ሲገልጡ።»

ጤናዬ ሲባጎዋን በጥርሷ በጠሰችና እንግዲህ ልጆቻቸው ጀግኖች መሆናቸውን አይተው አመሰገኗቸው አለች። ገነት ትንሽ አሰበችና ጦራቸው ተቆርጦ ሲያዩ አልተቆጡም ወይ ብላ ጠየቀች። ልጆቹ ሳቁ። ጤናዬም ሳቀች። ልጅቱ ግን አልሳቀችም፤ መልሱ እንዳልተሰጣት አውቃ ተነሥታ ሄደች።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ጥሩነህ ራሱ መጣ። ፀጉሩ ላይ የመላጊያ ፍቅፋቂ አለ። ጥሩነህ ጴንጤ ከሚባሉት ወገን ነው፤ ሰፈሩ ስለ ሃይማኖቱ ያማዋል፣ ሥራውን ግን ያምነዋል፤ ጤናዬም የቤቷን በርና መስኮት ያሠራችው በእሱ ነው። አልቀመጥም ብሎ በሩ ላይ ቆመ። ነገሩን ፈራ ተባ እያለ ነበር የጀመረው። ገነት ሌሊት እየተነሣች አልጋቸው ድረስ ትመጣለች አለ፤ መጥታም የእሱን የዐይን ቆብ በጣቷ ትገልጠዋለች። ነቅቶ ምን ሆንሽ ሲላት መልስ ሳትሰጥ ተመልሳ ትተኛለች። እናቷ ናት አግባብታ ከተረቱ መምጣቱን ያወቀችው።

«ጦርነቱን አይደለም የምጠላው፣ እትዬ ጤናዬ» አለ። «ልጆች ጦርነት ይወዳሉ፤ እኔም ልጅ ሆኜ ወድጃለሁ። ግን እኛን ለምን ያስተኙናል?»

«ካልተኛችሁ ልጆቹ አይዋጉማ።»

«ታዲያ ባይዋጉስ?»

«ባይዋጉማ ተረት የለም።»

ጥሩነህ ራሱን ነቀነቀ። እንደ ተቆጣ ሰው ሳይሆን ያልተመቸ ሳንቃ እንዳየ አናጢ ነበር ሁኔታው። ሊያስቀይማት እንዳልመጣ፣ ገነትንም እንደማይከለክላት ተናግሮ፣ እጅ ነሥቶ ሄደ።

ጤናዬ ያን ቀን ብዙ አልሠራችም። መርፌዋን ጆንያው ላይ ሰክታ ተቀመጠች። ያ ተረት ከማንም የሰማችው አልነበረም፤ ራሷ ናት የፈጠረችው። ትልልቆቹን ያስተኛቻቸው ለምን እንደሆነ ግን ከዚያ ቀን በፊት አስባው አታውቅም። ተረት ስትጀምር እንዲሁ መጣላት፣ እንዲሁ ተኙ።

እውነተኛው ነገር የሆነው ጅባት ነው፣ ጣልያን በገባ በሁለተኛው ዓመት። ጤናዬ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ወንድሟ ወልደ አማኑኤል ከእሷ በሁለት ዓመት ያንሳል። አባታቸው ቀደም ብሎ በተስቦ ስለሞተ የአባታቸው ወንድም ደሜ ነው ያሳደጋቸው። ደሜ ጫካ ሲገባ ይዟቸው ገባ። እሷ ጥይት በቅቤ ቅል ውስጥ ደብቃ በገበያ መንገድ ታሳልፍ ነበር። ወንድሟ ከሞተ ሰው የተረፈ ውጅግራ ጠመንጃ ተሰጠው፤ ሰደፉ መሬት ሲነካ አፈሙዙ ከራሱ በላይ ይሆናል። አርበኞቹ በዚህ ይስቁ ነበር፣ ወንድሟም አብሯቸው ይስቃል፤ ከዚያ በፊት ማንም ትልቅ ሰው አንተ ብሎ በቁም ነገር አነጋግሮት አያውቅም።

አንድ ማለዳ ጣልያን ከወንዙ ማዶ ያለውን ምሽግ ለቆ ይሁን አይሁን ማወቅ አስፈለገ። ደሜ ልጁን ጠርቶ ተሻግረህ እየው አለው። ልጅ አይተኩሱበትም አለ፤ ይህን ሁሉም ሰምቷል። ወልደ አማኑኤል ጠመንጃውን ለእህቱ ሰጥቶ ውሃው ውስጥ ገባ። ምሽጉ አልተለቀቀም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰዎቹ አለቀሱ፣ ፎከሩም፤ ልጁን አንበሳ አሉት። ነጻነት ሲመለስ ደሜ ግራዝማች ተባሉ፣ ኒሻን ተሰጣቸው፣ ሆለታ አጠገብ መሬት አገኙ። በየዓመቱ ሚያዝያ ሃያ ሰባት አዲስ አበባ ይመጣሉ፤ ከሰልፉ ሲመለሱ ጤናዬ ቤት ምሳ ይበላሉ። የወልደ አማኑኤልን ነገር አንሥተው ተጫውተው አያውቁም። ግራዝማች ከጠጡ ብቻ «የወንድምሽ ደም» ብለው ይተዉታል።

በዚያው በ1963 ዓ.ም. የሰፈሩ ትምህርት ቤት ዲሬክተር አቶ ፀሐዬ ለድል በዓል አዲስ ነገር ማቅረብ አማረው። ልጆቹ በእረፍት ሰዓት የሚጫወቱትን ጦርነት አይቶ ከየት እንዳመጡት ሲያጠያይቅ ወደ ጤናዬ ተመራ። ግቢዋ ድረስ መጥቶ፣ የበርበሬው ጆንያ ላይ ተቀምጦ እያነጠሰ፣ ተረቷን በበዓሉ ዋዜማ ለተማሪዎችና ለእንግዶች እንድትነግርለት ለመናት። እሷ ስታወራ ልጆች የእንጨት ጠመንጃ ይዘው ከኋላዋ ይሰለፋሉ። አጎቷ አርበኛ መሆናቸውን ሲሰማ ደግሞ እሳቸውም የክብር እንግዳ ይሁኑልን አለ። ጤናዬ እምቢ ልትል አሰበችና እሺ አለች።

በዋዜማው ጧት ግራዝማች ደሜ በሆለታ አውቶቡስ ደረሱ። ካኪ ልብሳቸው በካውያ ተተኩሷል፣ ኒሻኖቻቸው ደረታቸው ላይ ይንቀጫቀጫሉ። እርጅና ቢጫናቸውም ትከሻቸው አልጎበጠም። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ድንኳን ተተክሎ ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ጥሩነህ ከወላጆች መሐል ነበረ፤ ገነት ከትንንሾቹ ጋር ሣር ላይ ተቀምጣለች። ከጤናዬ ኋላ የእንጨት ጠመንጃ የያዙ ልጆች በሁለት ረድፍ ቆሙ፤ ከፊተኞቹ አንዱ ጥርሱ በእርግጥም የወለቀ ነበር፣ ለዚህ ነው የተመረጠው።

ጤናዬ ምን እንደምትል ቀድማ አላዘጋጀችም። በኋላ ሲጠይቋት እንደዚያ ነው ያለችው፣ የማያምናት ግን አለ። እጇ ላይ መርፌና ጆንያ አለመኖሩ ከብዷት እንደነበርም ተናግራለች። ፊት የሌለውን ንጉሥ እንደ ወትሮው አመጣችው። መለከቱ ተነፋ።

«በዚህ ጊዜ ትልልቆቹ ተኙ» አለች። ደግማ ጀመረች። «አንዳንዶቹ ተኙ። አንዳንዶቹ ግን ዐይናቸውን ጨፈኑ እንጂ አልተኙም።»

ተረቱን በቃላቸው የሚያውቁት ልጆች እርስ በርሳቸው ተያዩ። እሷ ቀጠለች። ልጆቹ ጦሩን ሲቆርጡ የመጋዙን ድምፅ ዐይናቸውን የጨፈኑት ሰሙ። ፍንጭቱ ወንዙን ሊሻገር ሲል ከመካከላቸው አንዱ በሽፋሽፍቱ ሥር አጮልቆ አየው፤ ሂድም ተመለስም አላለውም። ፍንጭቱ ውሃው መሐል ሲደርስ ወደቀ። ጓደኞቹ ተሸክመው ወደ ምንጩ ወሰዱት። ምንጩ ደርቋል። የቀረውን እርጥብ አሸዋ ፊቱ ላይ አደረጉለት፤ አላስነጠሰም። ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠበቁት።

«ያ ዐይኑን ጨፍኖ የነበረው ሰው ያኔ ተነሣ» አለች ጤናዬ። «ምን እንዳለ ግን አላውቅም። እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው።»

ከኋላዋ የተሰለፉት ልጆች ጠመንጃቸውን ወደ ላይ ማንሣት የነበረባቸው ንጉሡ ሲሞት ነው፤ ንጉሡ ስላልሞተ ምን እንደሚያደርጉ ጠፋባቸው። ጥርሱ የወለቀው ልጅ ወደ ዲሬክተሩ ዞሮ ያይ ጀመር። አቶ ፀሐዬ ቶሎ ብሎ አጨበጨበ፤ ሕዝቡም እየተከተለ አጨበጨበ፤ መዝሙር ተጀመረ። ግራዝማች ደሜ እጃቸውን ከዘራቸው ላይ እንዳደረጉ ነበሩ።

ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ ምሳ አልበላም ብለው ወደ አውቶቡሱ ማምራት ጀመሩ። ጤናዬ ተከትላ መንገድ ዳር ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ደረሰችባቸው።

«አልጨፈንኩም» አሉ ግራዝማች። «ዐይኔ ክፍት ነበር። እስኪወድቅ ድረስ አይቼዋለሁ።»

«እኔም አይቼዋለሁ፣ አጎቴ።»

«አይተኩሱበትም ብዬ ነው።»

«ያምኑበት ነበር?»

ሽማግሌው ዋሽተው ቢሆን ኖሮ እሷ ትቀበላቸው ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉም የተቀበለችው ያንኑ ነው።

«ግማሽ በግማሽ» አሉ። «ሌላ የምልከው ሰው አጥቼ አልነበረም። ተኳሽ ነበር የሚያንሰኝ። ተኳሽ ከማጣ ብዬ ነው።»

ጤናዬ አላለቀሰችም። ንዴት ሊመጣባት ይገባ እንደነበር ታውቃለች፤ የመጣባት ግን ድካም ነው፣ ከባድ ሸክም ወርዶ ትከሻ ገና እንደ ተሸከመ ሲቆይ ያለው ዓይነት። የአጎቷን ፊት አየችው፤ ያን ጊዜ እሳቸው ከጥሩነህ የማይበልጥ ዕድሜ ያላቸው፣ የተራቡ፣ የተከበቡ ሰው እንደነበሩም አሰበች። ይህን ማሰቧ ምንም አልቀነሰላትም፣ ምንም አልጨመረባትም። አውቶቡሱ መጣ። ክንዳቸውን ደግፋ አሳፈረቻቸው፤ እሳቸውም በመስኮት ወደ ውጭ አላዩም።

የጤናዬ ተረት ከዚያ ወዲህ አድማጭ አጣ ማለት ይቻላል። ልጆቹ ለጥቂት ቀናት እየመጡ የድሮውን ንገሪን ብለው ነዘነዟት፤ ምንጩ ይመለስ፣ ፍንጭቱም ይነሣ አሉ። እሷ የድሮው አልቋል አለቻቸው፤ ስለ ጅብና ስለ ቆዳ ፋቂ፣ ስለ ሰነፍ ወፍጮ ልታወራላቸው ሞከረች። ይሰሟታል ግን አይቆዩም። ቀስ በቀስ ጆንያው ላይ የሚቀመጡት ጥቂት ሆኑ።

ጨዋታው ግን አልቆመም። ወንዙ ዳር ዛሬም ይዋጋሉ፣ ሞተው ይነሣሉ፣ ማንም አላዘዛቸውም ማንም አልከለከላቸውም። የተለወጠው አንድ ነገር ቢኖር ገነት መግባቷ ነው። ገነት ጦር አትይዝም፤ ዳር ላይ ዐይኗን ጨፍና ትተኛለች፣ ጦርነቱ ሲጋጋል ደግሞ ብድግ ብላ ወገቧን ይዛ ሁላችሁም ወደ ቤት ትላለች። መጀመሪያ ይናደዱባት ነበር፤ ኋላ የጨዋታው ሕግ አደረጉት፤ ትልቋ ስትነቃ የሚዋጋ ሰው ይሸነፋል። ጥሩነህ ይህን ለጤናዬ በአጥሩ ላይ ሆኖ ነገራት። ልጅቱ ሌሊት ትነሣ አትነሣ አልጠየቀችውም፣ እሱም አላነሣውም።

ግራዝማች ደሜ በሚቀጥለው ዓመት ለድል በዓል አልመጡም። በ1965 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ መሞታቸው ተነገረ፤ ጤናዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሆለታ ሄደች። ለቅሶው ትልቅ ነበር። ፈረሳቸው ተሸልሞ ቆሟል፣ ካኪ ለባሽ ሽማግሌዎች ፎቶግራፋቸውን ይዘው ይዞራሉ። ከአምቦ በኩል የመጣች ገበያነሽ የምትባል አልቃሽ ድንኳኑ መሐል ቆማ የሟቹን ጀግንነት በግጥም ታወርዳለች። ሰዎች ስም ሹክ ይሏታል፣ እሷ ታስገባዋለች። አንዱ የወንድማቸውን ልጅ አስታወሳት። ገበያነሽ ወልደ አማኑኤልን አነሣችው፤ የአንበሳ ደቦል አለችው፣ አጎቱ ያዘዘውን ወንዝ ሳይፈራ የተሻገረ አለችው። ድንኳኑ በለቅሶ ተነቃነቀ።

ጤናዬ ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ ወደ ፊት ሄደች። ሐዘንተኛ ስለሆነች ልታሞግስ መስሏቸው መንገድ ለቀቁላት። አልቃሽዋን ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

«አንበሳ አትበዪው፣ እናቴ» አለቻት። «አሥር ዓመቱ ነበር። ውሻ ይፈራ ነበር።»

ድምጿ ስለ ጎረነነ በቅርብ ያሉት ሁሉ ሰሟት። ገበያነሽ ግራ ገባት፤ በሙያዋ እንዲህ ብሎ ያቋረጣት ሰው አልነበረም። ሁለት ካኪ ለባሾች አጉረመረሙ፤ አንዱ ይህች ሴት ምን ነክቷት ነው አለ። ጤናዬ ግን ሌላ ነገር አልጨመረችም። ስለ አጎቷም ክፉም ደግም አልተናገረችም፤ ያዘዙትም የተናገሩትም እሷ ዘንድ ቀርቷል። ወደ ቦታዋ ተመልሳ ሣር ላይ ተቀመጠች።

ጎኗ የተቀመጠች፣ ጤናዬ በወጉ የማታውቃት አንዲት አሮጊት ወደ እሷ ዘንበል አለች። ጅባት አብረው እንደነበሩ፣ ልጁን እንደምታስታውሰው በሹክሹክታ ነገረቻት። ይፈራው የነበረው ውሻ የእሷ አባት ውሻ ነበር፤ ጥቁር፣ አንድ ጆሮው የተቆረጠ። ልጁ በደጃቸው በኩል ማለፍ ሲኖርበት ድንጋይ በሁለት እጁ ይይዝና አይወረውረውም፤ ዘፈን እየዘፈነ ያልፋል፣ ውሻው የማይፈራ ሰው እንዲመስለው። አሮጊቷ ፈገግ አለች። ጤናዬ ዘፈኑ ምን እንደነበር ጠየቀቻት። አሮጊቷ ቃሉን አላስታወሰችም፤ ዜማውን ግን ሌላው እንዳይሰማ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና አንጎራጎረችላት። ጤናዬም እየደጋገመች አጠናችው፤ ድንኳኑ ውስጥ ፉከራው እንደቀጠለ ነበር።